ቀይ መስታወትና ጠባብ ቀዳዳ ተራውን ብርሃን ሌዘር ያደርጉታልን?

ጠያቂ፦ የፊዚክስ መምህር

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ብርሃን ሞገድነት ሳስተምር አንድ ቀይ የሌዘር መጠቆሚያና አንድ የእጅ ባትሪ ይዤ ገብቼ፣ ሁለቱንም ከክፍሉ ጫፍ ወደ ተቃራኒው ግድግዳ አበራሁ። የባትሪው ብርሃን ግድግዳውን ሞልቶ ሲደበዝዝ፣ የሌዘሩ ብርሃን ግን ከአተር ፍሬ የማትበልጥ ደማቅ ነጥብ ሆኖ አረፈ። ከዚያም መጽሐፉ እንደሚለው፣ የሌዘር ብርሃን አንድ ቀለም ብቻ ያለው፣ በአንድ አቅጣጫ ሳይበተን የሚጓዝና ሞገዶቹ እኩል የሚራመዱ በመሆኑ ከሌላው ብርሃን እንደሚለይ ነገርኳቸው።

አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «የባትሪውን ብርሃን በቀይ መስታወት ባሳልፈው አንድ ቀለም ይሆናል፤ በመርፌ በተበሳ ካርቶን ባሳልፈው ቀጭን ይሆናል፤ በምስሪት (ሌንስ) ባስተካክለው ደግሞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ታዲያ ሌዘር ሠራሁ ማለት ነው?» አይደለም አልኳት። ለምን እንዳልሆነ ስትጠይቀኝ ግን መልሴ ከመጽሐፉ ሦስት ቃላት አላለፈም፤ እርሷም «እነዚህ የብርሃኑ መልክ ናቸው እንጂ ምክንያቱ አይደሉም» ብላ ተቀመጠች። እውነቷን ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃላቱን በቃል መያዝ ይቻላል፤ ለተማሪዎቼ ነገሩ የሚገባቸው ግን በአማርኛ ሳስረዳቸው ነው፤ በአማርኛ ላስረዳ ስሞክር ደግሞ እኔም ከሥሩ እንዳልያዝኩት ታወቀኝ።

ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎችም አሉኝ። ነጥቧን ቀረብ ብለው ያዩ ተማሪዎች በውስጧ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነቁጦች እንዳሉ አስተውለዋል፤ አንዳንዶቹም የግድግዳው ቀለም ሻካራነት ነው ብለው ደመደሙ። ነቁጦቹ ምንድን ናቸው? እንዲሁም ይህን መሣሪያ በተማሪዎች መካከል መጠቀም ለዓይን ምን ያህል ያሰጋል? በክፍል ውስጥ መልሼ ልናገረው የምችለው ዓይነት ማብራሪያ ለሚሰጠኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው።


መልስ፦ የብርሃን አጥኚ

መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው የሌዘርን ዋና ነገር ነው። መልሱን በአጭሩ ላስቀድም፦ መስታወቱና ቀዳዳው ከብርሃኑ ላይ ይቀንሳሉ፤ ሌዘር ግን ብርሃኑን ራሱን ያባዛዋል።

አቶም ከብርሃን ጋር የሚገናኝባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። በታችኛው የጉልበት እርከን ላይ ያለ አቶም ልኩ የሆነ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ሲደርሰው ይውጠውና ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። በላይኛው እርከን ላይ ያለ አቶም ደግሞ ማንም ሳይነካው፣ ጊዜውንም አቅጣጫውንም ዕድል ወስኖለት፣ ፎቶን ለቅቆ ይወርዳል፤ ይህን ድንገቴ ልቀት ልንለው እንችላለን፤ የፀሐይም፣ የሻማም፣ የእጅ ባትሪም ብርሃን በመሠረቱ ከዚህ የሚገኝ ነው። ሦስተኛውን መንገድ ያስረዳው አልበርት አይንስታይን በ1917 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ነው። በላይኛው እርከን ላይ ባለ አቶም አጠገብ ልኩ የሆነ ፎቶን ሲያልፍ፣ አቶሙ ተቀስቅሶ ሁለተኛ ፎቶን ይለቃል፤ የተለቀቀው ፎቶን በቀለሙ፣ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በሞገዱ ርምጃና በንዝረቱ አቅጣጫ ከቀሰቀሰው ፎቶን ጋር አንድ ነው። ቀስቃሹም አይጠፋም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት የሚሆኑበት መንገድ ይኸው የተቀሰቀሰ ልቀት ነው።

ብዙ መጻሕፍት በሰልፍ የሚራመዱ ወታደሮችን ምሳሌ ያደርጋሉ። እኔ ይህን ምሳሌ አልመርጠውም፤ ምክንያቱም ወታደሮቹ ቀድሞውኑ ያሉ ሰዎች ስለሆኑ የሚቀረው እነርሱን ማሰለፍ ብቻ ይመስላል፤ ጉዳዩ ማሰለፍ ከሆነ ደግሞ የተማሪዎ መስታወትና ቀዳዳ ያንን ይሠሩ ነበር። ወደ ነገሩ የሚቀርበው የመሪና የተቀባይ ዜማ ነው። መሪው ቃሉን ሲያወርድ፣ ለመቀበል ተዘጋጅቶ የቆመ ሰው ያንኑ ቃል በዚያው ዜማ ይቀበላል፤ የሁለቱን ድምፅ የሰሙ ሌሎች ደግሞ እንደዚያው ይቀበላሉ። ከዚህ በፊት ያልነበረ ድምፅ በየጊዜው ይጨመራል፣ ነገር ግን አዲስ ዜማ አይገባም። ምሳሌው የሚጎድልበት ቦታ አለ፦ ሰው ሰምቶ እስኪያነሳ ጥቂት ይዘገያል፤ የተቀሰቀሰው ፎቶን ግን ከቀስቃሹ ሞገድ አናትና ስርጥ (ከፍታና ዝቅታ) አንዳች አይዛነፍም።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይበልጥ ያሳምናል ብዬ አምናለሁ። በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ፣ አንድ ቀለምና አንድ የንዝረት አቅጣጫ ያለውን ብርሃን ሁሉ እንደ አንድ መደብ እንቁጠረው። የፀሐይ ገጽ ወደ 5,800 ኬልቪን የሚደርስ ሙቀት አለው፤ የጋለ አካል ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰጥ የሚገልጸውን የፕላንክን ቀመር ተጠቅመን በቀዩ ብርሃን ላይ ብናሰላ፣ በአንድ መደብ ውስጥ የሚገኘው አማካይ የፎቶን ቁጥር 0.02 ገደማ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ማለትም ከ50 መደቦች 49ኙ ባዶ ናቸው። በአንጻሩ 1 ሚሊዋት ብቻ የሚሰጥ የሂሊየም-ኒዮን ሌዘር (በእነዚህ ሁለት ጋዞች የሚሠራ ቀይ ሌዘር) በሰከንድ ከ3,000 ትሪሊዮን በላይ ፎቶኖችን የሚለቅ ሲሆን፣ እነዚህ ሁሉ በጣት በሚቆጠሩ መደቦች ውስጥ ስለሚታጨቁ፣ በጥንቃቄ ብናሰላው እንኳ የአንዱ መደብ ድርሻ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። ማጣሪያ ሌሎቹን መደቦች ሊያስወግድ ይችላል፤ በቀረው መደብ ውስጥ ያሉትን ፎቶኖች ማብዛት ግን አይችልም። ተማሪዎ ከባትሪ በእጅጉ የምትደምቀውን ፀሐይን ወስዳ፣ ብርሃኗን የሂሊየም-ኒዮን ሌዘርን ያህል ቀጥና የአንዱን ጠባብ ቀለም ያህል ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ብታጣራው፣ የሚቀራት ብርሃን ከ1 ሚሊዋት አሥር ሚሊዮን እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። መልክ ይኖረዋል፤ ለማየት ግን አይበቃም።

ታዲያ የተቀሰቀሰ ልቀት በተፈጥሮ ካለ፣ አምፖሉ ራሱ ለምን ሌዘር አይሆንም? ምክንያቱም ፎቶኑ በታችኛው እርከን ያለ አቶም ካጋጠመው ይዋጣል፤ አይንስታይን እንዳሳየውም የመዋጡና የመቀስቀሱ ዕድል እኩል ነው። ስለዚህ የሚወስነው የትኞቹ አቶሞች ይበዛሉ የሚለው ነው። በማንኛውም ሙቀት ላይ ባለ ነገር ውስጥ ደግሞ የሚበዙት ሁልጊዜ የታችኞቹ ናቸው፤ ሙቀቱን ያለ ገደብ ብንጨምረው እንኳ ሁለቱ ወደ መተካከል ይቀርባሉ እንጂ የላይኞቹ አይበልጡም። ሌዘር የሚፈልገው ይህ ሥርዓት እንዲገለበጥ ነው፤ የብዛት ግልበጣ ይባላል።


ጠያቂ፦ የፊዚክስ መምህር

እጅግ አመሰግናለሁ። የመሪና የተቀባዩን ምሳሌ ነገ እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ሙቀት መጨመር ግልበጣውን የማያመጣ ከሆነ፣ የላይኞቹ አቶሞች እንዲበዙ የሚደረገው በምን ዘዴ ነው? ይህን ካላወቅሁ ተማሪዬ በሚቀጥለው ጥያቄ መልሳ እንደምትይዘኝ አልጠራጠርም።


መልስ፦ የቤተ ሙከራ ባለሙያ

መምህር፣ የጠየቁት ነገር ታላላቅ ሊቃውንትንም ለረጅም ዘመን ያቆየ ነው። ከአይንስታይን ጽሑፍ እስከ መጀመሪያው ሌዘር ድረስ 43 ዓመታት አልፈዋል።

ግልበጣውን መጀመሪያ ለሥራ ያዋሉት ቻርልስ ታውንስና ተማሪዎቹ ናቸው፤ ቦታው ኒው ዮርክ የሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዓመቱም 1954 እ.ኤ.አ. ነው። የሠሩት በሚታይ ብርሃን ሳይሆን ሞገዱ 1.25 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ማይክሮዌቭ ላይ ሲሆን መሣሪያው ሜዘር ተባለ። የዘዴያቸው ውበት ይማርከኛል። የአሞኒያ ጋዝ ሞለኪውሎችን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ እያሳለፉ፣ በታችኛው እርከን ያሉትን ወደ ጎን አስወጥተው በላይኛው እርከን ያሉትን ብቻ ወደ ብረት ሣጥን አስገቡ። ለተማሪዎ ይህን ቢነግሯት ደስ ይላታል ብዬ አስባለሁ፤ የእርሷ የማጣራት ሐሳብ እዚህ ላይ በእርግጥ ሠርቷልና፤ የተጣራው ግን ብርሃኑ ሳይሆን ብርሃኑን የሚያባዙት ሞለኪውሎች ናቸው። በዚያው ዘመን ሞስኮ ውስጥ ኒኮላይ ባሶቭና አሌክሳንደር ፕሮኮሮቭ በራሳቸው መንገድ ወደዚሁ ደርሰው ስለነበር፣ በ1964 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለሦስቱ ተሰጠ።

ለሚታይ ብርሃን ሌላ መንገድ አስፈለገ። ቴዎዶር ሜማን በግንቦት 16 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ማሊቡ ውስጥ ባለው የሂዩዝ ምርምር ላቦራቶሪ፣ ጫፎቿ በብር የተለበጡ አንዲት አጭር የሩቢ ዘንግ በጠመዝማዛ የፎቶግራፍ ብልጭታ አምፖል ውስጥ አስገብቶ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። በሩቢው ውስጥ ያሉት የክሮሚየም አቶሞች የአምፖሉን አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ውጠው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያም ጥቂት ወርደው በአንድ እርከን ላይ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቆያሉ። ለአቶም ይህ በጣም ረጅም ጊዜ ነው፤ ከዚህ ቆይታ የተነሳም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያ ላይ ሊጠራቀሙ ይችላሉ። ሲወርዱ ሞገዱ 694.3 ናኖ ሜትር የሚረዝም ጥልቅ ቀይ ብርሃን ይሰጣሉ። ብዙዎች ሩቢ ለዚህ አይበጅም ብለው ትተውት ነበር፤ ሜማን ግን ሒሳቡን እንደገና ሠርቶ በራሱ ውጤት ጸና፤ ይህን ታሪክ ለተማሪዎች መንገር ተገቢ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር፣ በቴህራን የተወለደው ዓሊ ጃቫን ከባልደረቦቹ ጋር በቤል ላቦራቶሪዎች የመጀመሪያውን የጋዝ ሌዘር ሠራ። ከእኛ ቤተ ሙከራ ለረጅም ዓመታት ያልጠፋውና እኔም በእጄ ያሠራሁት ሂሊየም-ኒዮን የዚሁ ዘር ነው። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖች ሂሊየሙን እየገጩ ወደ ላይኛው እርከን ያወጡታል። ሂሊየም ከዚያ እርከን ብርሃን ለቅቆ ለመውረድ መንገዱ የተዘጋበት ያህል ነው፤ ኒዮን ደግሞ በአጋጣሚ ከዚያ ጋር እኩል ሊባል የሚችል እርከን አለው፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲጋጩ ሂሊየሙ ሸክሙን ለኒዮኑ ያስረክባል። ኒዮኑ ወደ መካከለኛው እርከን ሲወርድ 632.8 ናኖ ሜትር የሆነውን ቀይ ብርሃን ይለቃል፤ መካከለኛው እርከንም ወዲያው ወዲያው ስለሚራቆት ግልበጣው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሩቢው በብልጭታ ሲሠራ ይኸኛው ቀኑን ሙሉ የሚበራው ስለዚህ ነው።

በቱቦው ውስጥ ብርሃኑ አንድ ጊዜ ቢያልፍ የሚጨምረው በመቶኛ ጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ጫፎች መስታወት ተቀምጦ ብርሃኑ እየተመላለሰ ይባዛል፤ አንደኛው መስታወት ሁሉንም ሲመልስ ሌላኛው ከመቶ አንድ ያህሉን ያሳልፋል፤ እኛ የምናየው ያንን ያመለጠውን ነው። ከቱቦው ዘንግ ጋር ያልተስተካከለ ብርሃን በጎን ወጥቶ ይቀራል እንጂ ተመላልሶ አይባዛም፤ የሌዘር ቀጥተኛነት የመጣው ከዚህ ነው።

በእጅዎ ያለው መጠቆሚያ ደግሞ ከሰሚኮንዳክተር የተሠራ ሲሆን፣ ግልበጣው የሚመጣው በኤሌክትሪክ ፍሰት፣ መስታወቶቹም የክሪስታሉ የተሰነጠቁ ጫፎች ናቸው። የዚህ ክሪስታል ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ፍሰቱን ከዝቅተኛ ጀምረው ቀስ በቀስ ቢጨምሩት መጀመሪያ ላይ እንደ ማንኛውም ኤልኢዲ ፈዘዝ ያለና የሚበተን ብርሃን ይሰጣል፤ ፍሰቱ የተወሰነ ልክ ሲደርስ ግን ብርሃኑ በድንገት ይደምቃል፣ ይሰበሰባል፣ ነቁጦቹም ይታያሉ። መጽሐፍ ያላስጨበጠኝን ነገር የተረዳሁት ይህን ሽግግር በዓይኔ ባየሁበት ቀን ነው፤ ክሪስታሉ ያው፣ ባትሪውም ያው ሆኖ ሳለ ማባዛቱ ከመዋጡ ሲበልጥ ብርሃኑ ሌላ ጠባይ ያዘ።

ስለ ነቁጦቹ፦ ተማሪዎችዎ በከፊል ልክ ናቸው። ግድግዳው ለእጅ ለስላሳ ቢመስልም በብርሃን ሞገድ ልክ ሲታይ ተራራና ሸለቆ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጉብታ የተመለሰው የሌዘር ብርሃን በዓይን ውስጥ ሲገናኝ፣ አናት ከአናት በገጠመበት ይደምቃል፣ አናት ከስርጥ በገጠመበት ይጨልማል። ነቁጦቹ የተሳሉት በግድግዳው ላይ ሳይሆን በተመልካቹ ዓይን ውስጥ ነው። መነጽር የሚያደርግ ተማሪ መነጽሩን ቢያወልቅ የግድግዳው ጽሑፍ ይደበዝዝበታል፤ ነቁጦቹ ግን አይደበዝዙም። ራሱን ወደ ጎን ቢያንቀሳቅስ፣ የሩቁን ማየት ለሚቸገር ሰው ነቁጦቹ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ፣ የቅርቡን ማየት ለሚቸገር ደግሞ ወደዚያው አቅጣጫ ይሄዳሉ። በባትሪ ብርሃን ይህ የማይታየው፣ የሞገዶቹ አናትና ስርጥ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ ዓይን አማካዩን ብቻ ስለሚያይ ነው።

ከይቅርታ ጋር አንድ ቃል ላርም። ሌዘር «ሳይበተን ይጓዛል» ብለው አስተምረዋል። ይበተናል። ከወጣበት ቦታ 1 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የሂሊየም-ኒዮን ጨረር 100 ሜትር ሲጓዝ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ዲፍራክሽን (ሞገድ በጠባብ ቦታ ሲያልፍ የሚያሳየው መዘርጋት) ከሞገድ ጠባይ የሚመጣ ስለሆነ ማንም አያመልጠውም። ሌዘር የሚለየው ከዚህ ከማይቀረው መበተን የሚጨምረው ሌላ መበተን ስለሌለው ነው። ከአፖሎ 11 ጀምሮ በጨረቃ ላይ ወደተተከሉት አንጸባራቂዎች የሚላከው ጨረር እንኳ፣ 3.5 ሜትር ስፋት ባለው የኒው ሜክሲኮ ቴሌስኮፕ ተልኮ ጨረቃ ላይ ሲያርፍ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ተመልሶ የሚያዘው ፎቶን እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ከእኛ እየራቀች መሆኗ የተለካው በእርሱ ነው።


መልስ፦ የፋይበር መስመር ቴክኒሺያን

በሥራዬ በየቀኑ የማገኘውን ልጨምር፤ ማባዛት የሚለው ቃል የእኛ ኑሮ ስለሆነ ነው።

በረጅም ርቀት የፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር) መስመር የምንጠቀመው 1,550 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለ የማይታይ የሌዘር ብርሃን ነው፤ መስታወቱ ብርሃንን ከሁሉ ያነሰ የሚያጠፋው እዚያ ላይ ነውና። መጥፋቱ በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ከተላከው ብርሃን 1 በመቶ ይቀራል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወርዶ ከባሕር ውስጥ ኬብሎች ጋር የሚገናኘውን መስመር ያስቡ፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚቀረው ከመቶ ትሪሊዮን አንድ እጅ ብቻ በሆነ ነበር። ስለዚህ በመንገድ ላይ በየተወሰነ ርቀት ማጉያ ይቀመጣል።

የማጉያው አሠራር ከላይ የተጻፈው ራሱ ነው። ኤርቢየም ከተባለ ብረት ጋር የተቀላቀለ ጥቂት ሜትር ፋይበር በሌላ ሌዘር እየተገፋ አቶሞቹ በላይኛው እርከን ተዘጋጅተው ይቆያሉ፤ ደክሞ የደረሰው ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ይቀሰቅሳቸውና በመቶ እጥፍ በዝቶ ይወጣል። ጫፎቹ ላይ ብርሃን የሚመልስ መስታወት የለም፤ መመላለስም አያስፈልግም። እኔን ዘወትር የሚደንቀኝ፣ የተባዛው ፎቶን የቀስቃሹ ግልባጭ በመሆኑ መልእክቱም አብሮ የሚባዛ መሆኑ ነው። በውጭ አገር ካለ ልጇ ጋር የምትነጋገር እናት የምትሰማውን ድምፅ ያመጣው ብርሃን፣ ከላኪው መሣሪያ የወጣው ፎቶን ሳይሆን በመንገድ ላይ ደጋግሞ የተገለበጠው ነው። ድንገቴ ልቀት ግን እዚህም አይጠፋም፤ ከምልክቱ ጋር ተባዝቶ ጫጫታ ይሆንብናል፤ ማጉያ በበዛ ቁጥር ጫጫታውም ይጨምራል።

ለአዳዲስ ሠራተኞች ሁልጊዜ የምነግረውን ለእርስዎም ልበል፦ የተቆረጠ ፋይበር ጫፍ ጨለማ ቢመስልም ወደ ዓይን አይጠጋም። የማይታይ ብርሃን ዓይንን አያስጠነቅቅም።


መልስ፦ የዓይን ሐኪም

ለሦስተኛው ጥያቄዎ መልስ እንዲሆን። የቀትር ፀሐይ በጠበበ የዓይን ብሌን በኩል ወደ 3 ሚሊዋት ታስገባለች፤ ይህም ከ1 ሚሊዋት መጠቆሚያ ይበልጣል። ነገር ግን ፀሐይ ሰፊ አካል ስለሆነች በዓይን ውስጠኛ መጋረጃ ላይ የምትሥለው ምስል 0.16 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የሌዘር ብርሃን ግን ከአንዲት ነጥብ የመጣ ያህል ስለሆነ የዓይን ምስሪት ወደ 0.02 ሚሊ ሜትር ሊሰበስበው ይችላል። ስለዚህ ኃይሉ ሦስት እጅ ያነሰ ሆኖ ሳለ በሚያርፍበት ነጥብ ላይ ከፀሐይ ወደ 20 እጥፍ ይበረታል። አደጋውና ጥቅሙ ከአንድ ምንጭ ነው፤ በስኳር ሕመም የተጎዳ የዓይን መጋረጃን የምናክመውም፣ የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሰዎች መካከል ከጊዜ በኋላ የሌንሳቸው ከረጢት የደበዘዘባቸውን ያለ ቢላዋ የምንከፍትላቸውም በዚህ መሰብሰብ ነው።

ከ1 ሚሊዋት የማይበልጥ የሚታይ ብርሃን ሲያርፍበት ዓይን በሩብ ሰከንድ ውስጥ ስለሚጨፈን ጉዳት አይደርስም ተብሎ ይወሰዳል፤ ሆን ብሎ አፍጥጦ ማየት ግን ከዚህ ጥበቃ ያስወጣል። በተለይ ስለ አረንጓዴው መጠቆሚያ አደራ እላለሁ። ብዙዎቹ 808 ናኖ ሜትር በሆነ የማይታይ ሌዘር ሌላ ክሪስታል ገፍተው 1,064 ናኖ ሜትር ካስገኙ በኋላ ነው በሌላ ክሪስታል ወደ 532 ናኖ ሜትር አረንጓዴ የሚቀይሩት፤ በርካሽ የተሠሩት የማይታየውን የሚያስቀር ማጣሪያ ሊጎድላቸው ይችላል። በገበያ ላይ የሚገኙ መጠቆሚያዎች በላያቸው ከተጻፈው የበለጠ ኃይል ሲኖራቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። በመሣሪያው ሲጫወቱ የማዕከላዊ እይታቸው ላይ ጥቁር ነጥብ የቀረባቸውን ልጆች አይቻለሁ፤ ለአንዳንዶቹ ልንመልስላቸው የቻልነው ነገር አልነበረም። በክፍል ውስጥ ቀዩን ይጠቀሙ፤ መሣሪያውን ከጠረጴዛ ጋር ይሠሩት፤ ጨረሩም ከተቀመጡ ተማሪዎች ዓይን ከፍታ በታች ይሁን፤ መስታወትና የሚያብረቀርቅ ብረት ከመንገዱ ያስወግዱ።


ጠያቂ፦ የፊዚክስ መምህር

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ታላቅ ነው። ዛሬ ያደረግነውን ልንገራችሁ። መጠቆሚያውን ከጠረጴዛ ጋር አስሬ፣ በመካከሉ በተቀደደ ነጭ ካርቶን አሳልፌ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ በቆመ ሲዲ ላይ አሳረፍኩት፤ ጨረሩም ሆነ ከሲዲው የሚመለሰው ብርሃን ካርቶኑ ላይ እንዲቀር ተማሪዎቹን ሁሉ ከካርቶኑ በስተኋላ በኩል አቆምኳቸው፤ አንድ በአንድ እየመጡም ከጎን አዩ። በሲዲ ላይ ያሉት መስመሮች በ1.6 ማይክሮ ሜትር ስለሚራራቁ ብርሃንን በሞገዱ ርዝመት እየለየ ወደተለያየ አቅጣጫ እንደሚመልስ ዲፍራክሽን ግሬቲንግ ያገለግላሉ። ካርቶኑ ላይ ከመካከሉ በግራና በቀኝ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀው ሁለት ንጹሕ ነጥቦች ታዩ፤ ተማሪዎቹ በማስመሪያ ለክተው የሞገዱን ርዝመት 650 ናኖ ሜትር አካባቢ አገኙ፤ በመሣሪያው ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው።

ከዚያ ተማሪዬ የራሷን «ሌዘር» አመጣች፤ ባትሪ፣ ቀይ የላስቲክ ወረቀት፣ የተበሳ ካርቶንና ምስሪት። ብርሃኑን በዚያው ሲዲ ላይ አሳርፈን፣ መስኮቶቹን ሁሉ ጋርደን፣ ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቀን አየን። በነጥብ ፋንታ ከብርቱካናማ እስከ ጥቁር ቀይ የተዘረጋ፣ በግድ የሚታይ ደብዛዛ ጭረት ነበር። ቀዳዳውን ይበልጥ ስታጠብበው ጭረቱ ጠበብ ሳይል ጠፋ። «ባጠራሁት ቁጥር ያልቅብኛል» አለች፤ የመሪውንና የተቀባዩንም ምሳሌ ያን ጊዜ ነገርኳት። ጥቂት አሰብ አድርጋ ሌላ ጥያቄ አመጣች፦ «ሁሉም ፎቶን የሌላው ግልባጭ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ማን አወረደው?» ነገ መልስ እንደማመጣላት ቃል ገብቻለሁ።


መልስ፦ የብርሃን አጥኚ

የመጀመሪያው ፎቶን የሚመጣው ከድንገቴ ልቀት ነው፤ ከሻማና ከአምፖል ብርሃን በምንም አይለይም። ሌዘሩ እንደተከፈተ በላይኛው እርከን የተጠራቀሙት አቶሞች ያለ ቀስቃሽ ፎቶኖችን ወደየአቅጣጫው ይለቃሉ፤ አብዛኞቹ በጎን ወጥተው ይጠፋሉ። ከመካከላቸው በሁለቱ መስታወቶች መካከል ባለው ዘንግ ላይ በትክክል የሄደው፣ ቀለሙም በመስታወቶቹ መካከል ላለው ርቀት የተስማማው፣ ተመልሶ የመባዛት ዕድል ያገኛል። ከአፍታ በኋላ አቶሞቹን ሁሉ የሚቀሰቅሰው የእርሱ ዘር ስለሆነ ለሌሎቹ የሚተርፍ አቶም አይኖርም። የሞገዱ አናት ከየት እንደሚጀምር አስቀድሞ የሚወስን ምንም ሕግ የለም፤ ሌዘሩን አጥፍተው እንደገና ቢያበሩት ሌላ ፎቶን መሪ ይሆንና አናቱ ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ሁለት ለየብቻ የቆሙ ሌዘሮችም በአንድ ፋብሪካ ቢሠሩ እንኳ ርምጃቸው እርስ በርሱ የማይገጥመው ከዚህ የተነሳ ነው።